ወደ ግራ ያዘነበለ ከተማ

ዝርዝሩ ዘጠኝ መስመር ነበረው። የጻፈው መነጽር ሠሪው ነው። የመጀመሪያው መስመር በትልልቅ ፊደል ተጽፎ፣ ከዚያ ወደ ታች እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄዶ የመጨረሻዋ መስመር የጉንዳን ሰልፍ መስላለች። ሙያው አስለምዶት ይሁን ሆን ብሎ፣ ግንበኛው አልገባውም። ወረቀቱን ክንዱ እስከፈቀደለት ድረስ አርቆ ያዘና ማንበብ ጀመረ።

«ማማው ላይ መውጣት። ሙዚየም። በጀልባ ወንዙን መዞር። የአራዊት መጠበቂያ። የገበያ አዳራሽ፣ በተንቀሳቃሽ ደረጃ...» እዚህ ላይ ክንዱ አለቀበት። «የቀረውን ጉንዳኖቹ ራሳቸው ያንብቡት።»

«አባዬ፣ መነጽር አድርግ ብዬህ ሰለቸኝ እኮ» አለች ልጁ። ነርስ ናት። ሦስት ቀን ፈቃድ የወሰደችው አባቷን ከተማ ላስጎበኝ ብላ ነው። ለአለቃዋ የነገረቻት እንደዚያ ነው።

ቁም ነገሩ ግን ሌላ ነው። ሦስቱም ያውቁታል፣ ሦስቱም አያነሱትም። ልጅቱ ይህን መነጽር ሠሪ ልታገባ ነው። እናቷ መጥታ እንዳታየው ጉልበቷ አላንቀሳቅስ ብሏታል። ስለዚህ ባሏን ላከችው፤ ሲሄድም በር ላይ ቆማ እንዲህ ስትል መመሪያ ሰጠችው፦

«ከተማውን እንደሆነ በቴሌቪዥን አይቼዋለሁ። አንተ ልጁን አይተህ ና። እሑድ ከመሳፈርህ በፊት ደውለህ አንድ ቃል ትነግረኛለህ፤ አዎ ወይም አይሆንም። ስለ ፎቅ ርዝመት እንዳታወራልኝ። ደግሞ የሥራ ዕቃህን እዚሁ ተው። ለጉብኝት ነው የምትሄደው።»

ልጅቱ ደግሞ ገና ከአውቶቡስ ሲወርድ ሻንጣውን እየተቀበለችው፣ «ያላንተ እሺታ አላገባም አልልህም፣ አባዬ። ግን ያላንተ እሺታ ሠርጌ ላይ ጥርሴን አላሳይም» አለችው። እየሳቀች ነው ያለችው። እሱን ግን እንቅልፍ ነሳው። ሠላሳ አምስት ዓመት ግድግዳ ሲመረምር የኖረ ሰው ነው። ግድግዳ ሲሆን አንዴ በዓይኑ፣ አንዴ በእጁ፣ አንዴ በመሣሪያው አይቶ ይፈርዳል። ሰውን ግን ምኑ ላይ አስቀምጠው ነው የሚለኩት?

የሚስቱን ትእዛዝ ጠብቋል። ትልቁን ውሃ ልክ፣ ቱንቢውንና ገመዱን ቤት ትቷል። ትንሿን ውሃ ልክ ብቻ ኮቱ ቀኝ ኪስ ውስጥ ደብቋታል። መዳፍ የምታክል ናት። በብርጭቆዋ ውስጥ ያለችው አረፋ ከሁለቱ መስመሮች መሀል ከተቀመጠች የተለካው ነገር ልክ ነው፤ ወደ አንድ ጎን ከሸሸች ያ ጎን ከፍ ብሏል ማለት ነው። አንዱ ጫፏ ተልጦ ነጥቷል፤ ያንን ጫፍ ሁልጊዜ በቀኝ አድርጎ ነው የሚይዛት።

በሥራ ቀን ገና ሻይ ሳይቀምስ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣታል፣ አረፋዋን ያያል፣ ከዚያ ጫፍና ጫፏን አዙሮ እንደገና ያያታል። ዞራም ያው ካለች ታማኝ ናት። ይህን ሳያደርግ ድንጋይ ያነሳበት ቀን የለም። አሁን ግን ዕረፍት ላይ ነው፤ ዕረፍት ላይ ያለ ሰው በጠዋት ተነስቶ ውሃ ልክ አያገላብጥም።

ጉብኝቱ ዓርብ ጠዋት ለልጅቱ ቤት ቅርብ ከሆነው ከገበያ አዳራሹ ተጀመረ። ግንበኛው ተንቀሳቃሹ ደረጃ ፊት ሲደርስ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«አባባ፣ ዝም ብለው ይርገጡት፤ እሱ ራሱ ይወስድዎታል» አለ መነጽር ሠሪው።

«ደረጃ የሚሠራው ሰው እንዲወጣበት ነው። ይሄ ራሱ እየወጣ እኔ ምን ልሠራ ነው?»

«እርስዎ መቆም ብቻ።»

«ለመቆም ከሆነ ይኸው ቆሜያለሁ።»

ከኋላው ሰልፍ ተበጀ። ሁለት ዘንቢል ያንጠለጠለች ሴትዮ፣ «አባቴ፣ ወይ ይውጡበት ወይ ስብሰባ ይጥሩበት!» አለች። ግንበኛው እልህ ያዘውና አንድ እግሩን ሰነዘረ። እግሩ ሄደ። ሁለተኛው እግር ግን ጉዳዩን ገና እያሰበበት ነበር። በዚህ መሀል ቁጭ አለ፤ ያውም በቀኝ ጎኑ፣ ከነኮቱ። ኪሱ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ ሲል ተሰማው። እንደተቀመጠ ላይ ደረሰ፣ ሁለቱ ብብትና ብብቱን ይዘው አነሱት።

«እንዲህ ከሆነ ወንበር ለምን አላደረጉለትም?» አለ፣ የተበተነ ክብሩን እየሰበሰበ።

ዘወር ብሎ ኪሱን ፈተሸ። የውሃ ልኳ ብርጭቆ አልተሰነጠቀችም። ተመስገን ብሎ መለሳት።

ከዚያ ማማው ላይ ወጡ። አሳንሰሩ ጆሯቸውን ደፍኖ አርባኛ ፎቅ ላይ ተፋቸው። ከተማው ከታች እንደ ተዘረገፈ የክብሪት ቀፎ ተበትኗል፣ ወንዙ በመሀሉ ይጥመለመላል። ሰው ሁሉ መስኮቱ ላይ ተለጥፎ ፎቶ ያነሳል። ግንበኛው ግን ግራና ቀኝ ገልመጥ አድርጎ ውሃ ልኳን አወጣና መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጣት። አረፋዋ ወደ ቀኝ ሸሸች።

«አዘንብሏል» አለ።

«ምኑ፣ አባዬ?»

«ማማው። ወደ ግራ።»

ድምፁ የሥራ ቦታ ድምፅ ነው፤ የሲሚንቶ ማደባለቂያ እየዞረ እንኳ ይሰማል። በግራ በኩል ፎቶ ይነሱ የነበሩ ባልና ሚስት ተያዩና፣ ቀስ ብለው፣ ነገሩን ሳያስነቁ ወደ ቀኝ በኩል ተሻገሩ።

ሙዚየሙም ወደ ግራ ነበር። ግንበኛው የጥንት ማሰሮ ከተቀመጠበት የድንጋይ አምድ ጥግ ላይ ውሃ ልኳን ሲያሳርፍ ጥበቃው ከጀርባው ደረሰ። ጺሙ የሸበተ፣ ዝግ ያለ ሰው ነው።

«አባቴ፣ መንካት ክልክል ነው።»

«እኔ አልነካሁም። እሷ ናት የነካችው።»

«እሷም ክልክል ናት።»

«ለመሆኑ ይሄ አምድ ወደ ግራ ማዘንበሉን ታውቃለህ?»

«አሥራ ሰባት ዓመት ከጎኑ ቆሜያለሁ፤ እስካሁን አልወደቀብኝም።»

ግንበኛው ጥበቃውን ከእግር እስከ ራሱ አየው። «ለነገሩ አንተም ትንሽ ወደ ግራ ነህ» አለው።

ልጅቱ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ሲወጡ ግንበኛው ዞር ብሎ ቢያይ ጥበቃው ከአንድ የመስታወት ሣጥን ፊት ቆሞ ትከሻውን ያስተካክላል።

በዚያ ቀንና በማግስቱ አሥራ አራት ነገር ለካ። የባቡር ጣቢያው መቀመጫ ወደ ግራ፣ የምንጩ ዙሪያ ወደ ግራ፣ የአራዊት መጠበቂያው የግንብ አጥር ወደ ግራ። ቀጭኔዋን ብቻ በዓይኑ ለክቶ አሳለፋት። ከተማ ሙሉ ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብል ያየ ሌላ ሰው ቢሆን ኪሱ ውስጥ ያለችውን ይጠረጥር ነበር። እሱ ግን ከተማውን ጠረጠረ። ከልጅነቱ ጀምሮ ትልልቅ ከተማ ሲባል ደስ አይለውም፤ ምክንያቱን አሁን ገና አገኘው። ጀልባው ላይ ብቻ አረፋዋ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ስትሮጥ አይቶ፣ «ይሄስ ይሻላል፤ ቢያንስ ወገን የለውም» አለ።

መነጽር ሠሪው በዚህ ሁሉ አንድም ቀን አልተከራከረም። ግንበኛው በለካ ቁጥር ከጎኑ ቆሞ፣ አንገቱን ሰገግ አድርጎ አረፋዋን ያያል። ጀልባው ላይ ሳሉ፣ «አባባ፣ የተላጠውን ጫፍ ለምንድን ነው ሁልጊዜ በቀኝ የሚያደርጉት?» ብሎ ጠየቀ።

«እጄ ለምዶ።»

ጥያቄው ግንበኛውን ደስ አሰኝቶታል፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ማንም ጠይቆት አያውቅም። ደስታውን ግን አላሳየም። የቸገረው ሌላ ነው። ልጁ ጫማው ንጹሕ ነው፣ ለሰው በር ይከፍታል፣ ያሉትን ሁሉ እሺ ይላል። ሁሉን እሺ የሚል ሰው ደግሞ አረፋው እንደ ደረቀ ውሃ ልክ ነው፤ ግድግዳው ቢቀናም ቢጣመም አይናገርም። እሑድ እየመጣ ነው። ሚስቱ ደግሞ «እንጃ» የሚባል ቃል አትቀበልም።

ቅዳሜ ከሰዓት የጀልባው ንፋስ አድክሞት ልጅቱ ቤት ሶፋ ላይ ጋደም አለ። ኮቱን በር ላይ ሰቅሎት ነበር። ሲነቃ መሽቷል። ኮቱን ሲያነሳ ውሃ ልኳን በግራ ኪሱ አገኛት። በቀኝ ኪስ ነበር የማስቀምጣት፤ እርጅና እንዲህ ነው የሚጀምረው ማለት ነው፣ ብሎ ትንሽ አዘነ።

እሑድ ጠዋት ልጁ ዝርዝሩን አንስታ የጉንዳኖቹን መስመር አነበበችለት። «ምሳ፣ እኔ ቤት።»

«ይሄን ነው እንዲህ አሳንሶ የጻፈው?»

«ፈርቶሃል፣ አባዬ።»

መነጽር ሠሪው የሚኖረው ከመንገዱ ማዶ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አንድ ክፍል ናት፤ አልጋው ከመጋረጃ ጀርባ፣ ጠረጴዛው መስኮቱ ሥር። ግንበኛው ገና በሩ ላይ ሳለ ዓይኑ የምትሄድበትን አወቀች። ከጠረጴዛው በላይ አዲስ መደርደሪያ ተሰቅሏል። ባዶ ነው። ከሱ በላይ ደግሞ ዓይን መመርመሪያ የፊደል ሰሌዳ ተንጠልጥሏል። ወለሉ ተጠርጓል፤ ሆኖም ከግድግዳው ሥር መጥረጊያ ያልደረሰበት ነጭ የግድግዳ ብናኝ ይታያል። ግንበኛው አየው። ሩዙን በላ፣ ድንቹን በላ፣ ጨው ቢጨመርበት ኖሮ ብሎ አሰበ። ልጅቱ እያወራች ሁለቱም አይሰሟትም።

በመጨረሻ መነጽር ሠሪው ሹካውን አስቀመጠ። «አባባ፣ መደርደሪያዋን እኔው ነኝ የሰቀልኳት። ቢያዩልኝ።»

ልጅቱ ማላመጧን አቆመች።

ግንበኛው ተነሳ። እጁን ጠረገ። ውሃ ልኳን አወጣ፣ የተላጠውን ጫፍ በቀኝ አድርጎ መደርደሪያዋ ላይ አሳረፋት፣ ጎንበስ ብሎ ዓይኑን ጨፈን ከፈት አደረገ። አረፋዋ መሀል ላይ ተቀምጣለች፤ ወደዚህም ወደዚያም ንቅንቅ አላለችም።

ደረቱ ውስጥ አንድ ነገር ሞቀ። አሥራ አራት ነገር ለክቶ አሥራ አራቱም ተጣመዋል። መሐንዲስ ያቆመው ማማ ተጣሟል። ይህ በሕይወቱ መብሻ ጨብጦ የማያውቅ የመነጽር ሰው...

«ማማውን የሠሩት መጥተው ይዩህ!» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ የልጁን ትከሻ መታ። «ልጄ፣ ስልኬን አቀብይኝ። እናትሽ ጋ ልደውል።»

ልጅቱ ከደስታዋ የምታደርገው ጠፋት። ስልኩን ትታ የብርቱካኑን ሳህን አነሳች፤ ባዶ መደርደሪያ ደስ አይልም ብላ አንዱን ብርቱካን ላዩ ላይ አስቀመጠች። ብርቱካኑ ትንሽ ቆየ። ከዚያ፣ የረሳው ነገር ትዝ እንዳለው ሰው፣ ቀስ ብሎ ወደ ቀኝ ጉዞ ጀመረ። ጫፉ ላይ ሲደርስ አላመነታም። ሩዙ ውስጥ ወደቀ።

ልጅቱ ሁለተኛ ብርቱካን አስቀመጠች። እሱም ወንድሙን ተከተለ።

ግንበኛው ውሃ ልኳን እንደገና አነሳ። ሦስት ቀን ሙሉ ያላደረገውን አደረገ፤ ጫፍና ጫፏን አዞረና አስቀመጣት። አረፋዋ ወደ ግራ ጥግ ሮጣ ተለጠፈች።

ወንበሩን ፈልጎ ተቀመጠ። የገበያ አዳራሹ ደረጃ ትዝ አለው፤ ቀጭ ያለው ነገር ትዝ አለው። እንግዲህ ማማው ቀጥ ብሏል። አምዱ ቀጥ ብሏል። ምንጩም፣ መቀመጫውም፣ ጥበቃውም። በዚህ ከተማ ውስጥ ከለካው ሁሉ የተጣመመች ይቺ መደርደሪያ ብቻ ናት፤ ያውም የእሱ ውሃ ልክ የተሳሳተችውን ያህል በትክክል ተጣማለች። እንዲህ ያለ አጋጣሚ የለም። ቀና ብሎ መነጽር ሠሪውን አየው። የልጁ ጆሮዎች ቀልተዋል።

«ከኪሴ ወስደሃታል» አለ።

«እኔ ነኝ የሰጠሁት፣ አባዬ። ተኝተህ ሳለ።»

«ለምኛት ነው፣ አባባ። እሷ አይፈረድባትም።»

«አንተ ዝም በል! እኔ ነኝ ከኮቱ ያወጣሁት!»

«ሁለታችሁም ዝም በሉ» አለ ግንበኛው። «ለምን ወሰድካት?»

መነጽር ሠሪው የፊደል ሰሌዳውን ከግድግዳው አወረደው። ከጀርባው አራት ቀዳዳዎች አሉ።

«ሐሙስ፣ እርስዎ ሳይመጡ፣ በጎረቤቴ ውሃ ልክ እዚህ ሰቅያት ነበር። ልክ ነበረች። ከዚያ እርስዎ ከተማውን ሁሉ ወደ ግራ ሲያደርጉት ሳይ ፈራሁና ትናንት የእርስዎን አምጥቼ ብሞክራት... ወደ ግራ! የተላጠውን ጫፍ በቀኝ አድርጌ ነው የያዝኳት፣ እንደ እርስዎ። የጎረቤቴን ውሃ ልክ ውሸታም አልኩና መደርደሪያዋን ነቅዬ ዝቅ አድርጌ በእርስዎ ሰቀልኳት። እንዳያዩብኝ ቀዳዳዎቹን ሸፈንኩ።»

«ሁለቱ ሲጣሉ የእኔን አመንክ?»

«የእርስዎ ሠላሳ አምስት ዓመት ሠርታለች። የሱ ገና ከፕላስቲኳ አልወጣችም።»

ግንበኛው ወደ ቀዳዳዎቹ ተጠጋ። አራት ናቸው፤ ንጹሕ፣ ያልተፈረካከሱ። በዓይኑ ብቻ ለካቸው። ልጁ ሐሙስ ዕለት ማንም ሳያየው፣ ማንንም ሳይፈራ የበሳቸው ቀዳዳዎች ቀጥ ብለው ተሰልፈዋል። ሲፈራ የበሳቸው ናቸው የተጣመሙት። ያስፈራውም ሌላ ማንም ሳይሆን እሱ ራሱ ነው።

«ስማ» አለ። «ሁለተኛ እኔን ብለህ ልክ የሰቀልከውን እንዳትነቅል። ተከራከረኝ። እጮህብሃለሁ፤ ያልፋል።»

«እሺ፣ አባባ።»

«እሺ አትበለኝ!»

መነጽር ሠሪው ትንሽ አሰበ። «እንግዲያው... ያ ማማ አላዘነበለም ብዬ ነበር፣ በልቤ።»

«አዎ! እንዲህ ነው እንጂ! ካቻቪቴ አለህ?»

መደርደሪያዋን ነቅለው በድሮ ቀዳዳዎቿ መለሷት። ግንበኛው ይዞ፣ መነጽር ሠሪው ብሎኑን አጥብቆ። ልጅቱ ብርቱካን አስቀመጠች፤ ብርቱካኑ ዕድሜውን ሊጨርስ እዚያው ተቀመጠ።

አውቶቡሱ የሚነሳው ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ስምንት ተኩል ላይ ሦስቱም ሻንጣውን እየጎተቱ ወደ ጣቢያው ሳይሆን ወደ ሙዚየሙ ሄዱ። «ይቅርታ የምጠይቀው ሰው አለኝ» ብሎ ግንበኛው እምቢ አለ። «ነገም አውቶቡስ አለ።»

ጥበቃው ከሩቅ አያቸው። ሲደርሱ ሰውነቱን ገትሮ ቆመ።

«ዛሬስ ወዴት ነኝ፣ አባቴ?»

«ቀጥ ብለሃል። ያን ቀንም ቀጥ ብለህ ነበር። ያዘነበልኩት እኔ ነኝ።»

ጥበቃው በረጅሙ ተንፍሶ ትከሻውን አረገበ። «ሁለት ቀን ሙሉ ወደ ቀኝ አዘንብዬ ስቆም ወገቤ ሊቀነጠስ ነው እኮ! ቤት ስገባ ሚስቴ ምን ሆነሃል ትለኛለች፤ ምን ብዬ ልንገራት?»

«ግንበኛ አግኝቶኝ ነው በላት» አለ ግንበኛው፤ ጥበቃው ደግሞ እየሳቀ ለአምዱ ያዘነለት ይመስል በመዳፉ መታ መታ አደረገው። ክልክል መሆኑን ረስቶ።

ከዚያ የሙዚየሙ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ደወለ። ልጅቱና መነጽር ሠሪው ሦስት ደረጃ ዝቅ ብለው ቆሙ፤ የማይሰሙ መስለው።

«አዎ ነው አይሆንም?» አለች ሚስቱ፣ ሰላምታም ሳትሰጥ።

«መደርደሪያ ሰቅሎ ነበር። ጠማማ።»

«አይሆንም ነው እንግዲህ።»

«ቆይ አትቸኩይ። ሲጀመር ቀጥ አድርጎ ነበር የሰቀላት። ያጣመማት በእኔ ውሃ ልክ ነው።»

ግንበኛው የተናገረው ምን እንደሆነ የገባው ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው።

«ውሃ ልክህን ይዘህ ሄደሃል ማለት ነው» አለች ሚስቱ።

«ትንሿን ብቻ።»

«ትንሿን ብቻ! እና ልጁ ያንተን ጠማማ ልክ ነው ብሎ ሰቀለው።»

«አዎ።»

«ደግ። እኔም ሠላሳ ዓመት ያደረግኩት ይሄንኑ ነው፤ እንግዲህ ዘመድ ሆኗላ። እኔ አንድ ቃል ነው ያልኩህ።»

ግንበኛው ወደ ታች አየ። መነጽር ሠሪው መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ይወለውላል፤ ንጹሕ ነበር። ልጅቱ ከንፈሯን ነክሳ አባቷን ታያለች።

«አዎ» አለ በሥራ ቦታ ድምፁ።

ልጅቱ ጥርሷን አሳየች፤ ሠርጉንም አልጠበቀች።

«በል እሺ» አለች ሚስቱ፤ ድምፅዋ ትንሽ ቀጠነ። «አውቶቡሱ ስንት ሰዓት ይደርሳል?»

«ነገ ነው የምመጣው።»

«ምን ቀረህ ደግሞ?»

«የገበያ አዳራሹ» አለ ግንበኛው ሻንጣውን እያነሳ። «አንድ ደረጃ አለ፤ ቆሜ ነው የምወጣው።»